«ሰው ሠራሽ ብረት» ማለት ይቻላልን?

ጥያቄ፦ ቴክኒሽየም ስለሚባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አንድ አጭር የሳይንስ ጽሑፍ ሳዘጋጅ «ቴክኒሽየም ሰው ሠራሽ ብረት ነው፤ ከብረት ይልቅ ይከብዳል፤ ከብረት ይልቅም ዕድሜው አጭር ነው» ብዬ ጻፍኩ። የሥራ ባልደረባዬ ግን «ብረት ከብረት ጋር እንዴት ይነጻጸራል? ደግሞስ ሠራሽ ምን ዓይነት ቃል ነው?» ብሎ በቀይ አሰመረበት። ስሕተቱ ለእኔ አልታየኝም። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ባልደረባዎ በመጀመሪያው ነጥብ ልክ ነው፤ በሁለተኛውም እሱ ራሱ ከሚገምተው በላይ ልክ ነው። ያላሰመረበት ሦስተኛ ችግር ደግሞ አለ፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ከ«ብረት» እንጀምር። ይህ ቃል በአማርኛ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል። አቶማዊ ቁጥሩ 26 የሆነው፣ የሚዝገው፣ ማግኔት የሚስበው አንድ ንጥረ ነገር «ብረት» ይባላል፤ ወርቁም መዳቡም አሉሚኒየሙም በወል ሲጠሩ አሁንም «ብረት» ይባላሉ፤ ጠመንጃውና የእግር ሰንሰለቱም እንዲሁ። የኋለኞቹ ሁለቱ ጉዳት የላቸውም፤ «ብረት አነሣ» የተባለ ሰው ሸፍቶ ይሁን ስፖርት እየሠራ ከዐውዱ ይታወቃል። ወገኑና የወገኑ አንድ አባል በአንድ ስም ሲጠሩ ግን ዐውድም አያድንም፤ በተለይ እንደ እርስዎ ዐረፍተ ነገር ሁለቱ ፍቺዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ። «ሰው ሠራሽ ብረት» ያሉትን ያነበበ ሰው ቴክኒሽየምን እንደ አረብ ብረት በምድጃ የተቀመመ የብረት ዓይነት አድርጎ ቢረዳው የሚወቀሰው እሱ አይደለም።

ቃሉ እንዲህ መንከራተት የጀመረው ዛሬ አይደለም። በግእዝ «ብርት» የሚባለው መዳብና ናስ ነበር፤ የዛሬው ብረት ስሙ «ኀፂን» ነው፤ ትግርኛም እስካሁን «ሓፂን» እያለ ጠብቆታል። ማስረጃው ቅርብ ነው። ዳዊት የደገመ ሁሉ በመቶ ስድስተኛው መዝሙር «ሰበረ ኆኅተ ብርት» የሚለውን፣ ቀጥሎም የ«ኀፂን» መወርወሪያ መቀጥቀጡን ያውቃል፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የፊተኛውን «የናስ ደጆች»፣ የኋለኛውን «የብረት መወርወሪያ» ብሎ ተርጉሞታል። እንግዲህ «ብርት» ከዚያው ጥቅስ የመጀመሪያ ስንኝ ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው ተሻግሯል ማለት ነው፤ «ኀፂን»ንም ከአማርኛ ቤት አስወጥቶ በቦታው ተቀመጠ። ሥፍራ መቀየር የለመደ ቃል ከአንድ ንጥረ ነገር ወደ ወገኑ ሁሉ መስፋፋቱ ታዲያ ምን ይደንቃል?

እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝን አንድ አስተያየት ሳልነካ ማለፍ አልችልም። «ብረት የመጣው በረታ ከሚለው ግሥ ነው፤ ብርቱ ስለሆነ ብረት ተባለ» የሚሉ አሉ። ለጆሮ ይጥማል፤ ለማስተማርም ይመቻል፤ ነገር ግን አይሆንም። የ«በረታ» መጨረሻ በራብዕ መቆሙ እንደ «ሰማ» እና እንደ «በላ» ከኋላው የወደቀ የጉሮሮ ፊደል እንዳለ ያመለክታል፤ «ብርት» ግን ከጥንቱም በ«ት» ያበቃል፤ ዐይን የሚባለው የጉሮሮ ፊደል («ዐ») የለበትም። ከዚህም ሌላ ቃሉ በመጀመሪያ የተሰጠው ከብረት ይበልጥ ለስላሳ ለሆነው መዳብ ነው። በብርታት ቢሰየም ኖሮ ስሙን የሚወርሰው «ኀፂን» በሆነ ነበር።

ታዲያ ወገኑን ምን እንበለው? «ብረታ ብረት» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። «ቅጠላ ቅጠል»፣ «ቁሳ ቁስ» እንደሚባለው ሁሉ ይህ ድጋሚ ቅርጽ የተለያየ ነገር መሰባሰቡን ያሳያል፤ አንድን ንጥረ ነገር «ብረታ ብረት ነው» ማለት አንዱን ቅጠል አንሥቶ «ይህ ቅጠላ ቅጠል ነው» እንደ ማለት ነው። የትምህርት መጻሕፍት የያዙት «ብረት አስተኔ» ለወገን ስም የተመረጠ ነው፤ ድመትን የሚመስሉት ሁሉ «ድመት አስተኔ» እንደሚባሉ ማለት ነው። ቃሉን እንደማልወደው አልደብቅም፤ የአንድን አባል ስም ለወገኑ መጠሪያ ማድረግ ሽማግሌውን በልጁ ስም እንደ መጥራት ይመስለኛል። ቢሆንም ከእሱ የተሻለ ስላላገኘሁ እርስዎም ይጠቀሙበት።

አሁን ወደ «ሠራሽ»። የአድራጊ ስም ቅርጽ ሕግ ለአማርኛ ተናጋሪ በደም ውስጥ ያለ ነው፤ «ወረሰ» ሲል «ወራሽ»፣ «ደገሰ» ሲል «ደጋሽ» ይላል፤ የመጨረሻው «ስ» ወደ «ሽ» ይለወጣል። «ሠራ» ግን በሥሩ መጨረሻ «ስ» የለበትም። ግእዙ «ሠርዐ» ነው፤ «ሥርዐት» የወጣው ከእሱ ነው፤ እዚህም የወደቀው ያው ዐይን ነው። ስለዚህ የአድራጊው ስም «ሠሪ» ነው፤ «ቤት ሠሪ»፣ «ነገር ሠሪ» እንላለን። «ሠራሽ» የሚወለደው «ሠረሰ» ከሚል ግሥ ነበር፤ እንዲህ ያለ ግሥ ደግሞ የለንም። ጉዱ በዚህም አያበቃም። «ሰው በላ» ሰውን የሚበላ ነው፤ «ሰው ገዳይ» ሰውን የሚገድል ነው፤ በዚሁ ሥርዐት «ሰው ሠራሽ» ሰውን የሚሠራ መሆን ነበረበት። ተደራጊውን አድራጊ፣ አድራጊውን ተደራጊ ያደረገ ቃል ነው። እኔ በጽሑፎቼ ለብዙ ዓመታት «ሰው የሠራው» ስል ኖሬያለሁ፤ አራሚዎችም እየሰረዙ «ሰው ሠራሽ» ሲሉት ኖረዋል። «ጃፓን ሠራሽ»፣ «አገር ሠራሽ» የሚሉት ሁሉ በዚሁ ቅርጽ ሰፍነው፣ ማንም ሰው ሳይደናገር እየተግባባባቸው፣ ብቻዬን ዘብ መቆሜ ፍሬ እንደሌለው አምኛለሁ። ይጻፉት፤ በ«ሠ» መጻፉን ብቻ አይርሱ።

በቴክኒሽየም ላይ ሲሆን ግን ቃሉ ሌላም ሸክም አለበት። ስሙ ራሱ «በጥበብ የተሠራ» ከሚል የግሪክ ቃል የወጣ ነው፤ ስለዚህ «ሰው ሠራሹ ቴክኒሽየም» የሚል ሰው «ሠራሽ ሠራሽ» እያለ ነው። ስያሜው የተሰጠበት ምክንያት ይታወቃል፤ በእ.ኤ.አ. 1937 ፔሪዬና ሴግሬ የተባሉ ተመራማሪዎች በጣሊያኗ ፓሌርሞ ለይተው ያገኙት በአሜሪካዋ በርክሌይ በተፋጠኑ ቅንጣቶች ከተደበደበ ሞሊብዲነም ከሚባል ንጥረ ነገር ሉህ ውስጥ ነበር፤ ሰው ሠርቶ ካገኛቸው ንጥረ ነገሮችም የመጀመሪያው ሆነ። በኋላ ግን በእ.ኤ.አ. 1952 በከዋክብት ብርሃን ውስጥ ምልክቱ ታየ፤ ከዚያም በዩራኒየም ማዕድን ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ተገኘ። እንግዲህ «ሰው ሠራሽ ነው» ሲሉ «ለአገልግሎት የሚውለው» የሚል ቃል ቢያስቀድሙ እውነቱም ሰዋስዉም ይጠበቃል።

ባልደረባዎ ያላየው ሦስተኛው ችግር «ይልቅ» ነው። ይህ ቃል «ላቀ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ ግእዙ «ልህቀ» ነው፤ «ሊቅ»ም ከዚያው ቤት ነው። ስለዚህ «ከብረት ይልቅ ይከብዳል» ሲባል መላቁ ሁለት ጊዜ ተነግሯል፤ «ከብረት ይከብዳል» ይበቃ ነበር። ይህን የጣዕም ጉዳይ ነው ብለው ቢያልፉት አልከራከርም፤ የጥንቱም የአሁኑም ጸሐፊ ይጠቀምበታልና። ሁለተኛው «ይልቅ» ግን የጣዕም ጉዳይ አይደለም። «ይልቅ» ሁለቱን ነገሮች በአንድ መለኪያ ላይ ያቆማል። «ይከብዳል» ያሉት መለኪያው እፍግታ ከሆነ ይቆማል፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ብረት 7.87 ግራም ሲመዝን ቴክኒሽየሙ 11 ግራም ያህል ይመዝናልና፤ ሆኖም «እፍግታው ይበልጣል» ይበሉ፤ አንድ ኪሎ ብረትና አንድ ኪሎ ቴክኒሽየም እኩል ይከብዳሉ። ዕድሜን በተመለከተ ግን የጋራ መለኪያ የለም። ለአንባቢ የብረት ዕድሜ ማለት እስኪዝግ ያለው ጊዜ ነው፤ የቴክኒሽየም ግማሽ ዕድሜ ግን ከአቶሞቹ አስኳሎች ግማሾቹ እስኪፈራርሱ ያለው ጊዜ ነው፤ የረጅም ዕድሜው አይሶቶፕ (በአስኳሉ ክብደት የሚለይ የንጥረ ነገሩ ዓይነት) 4.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል፣ በሕክምና ምስል ማንሻ የሚያገለግለው ደግሞ 6 ሰዓት። የተለመደው የብረት አስኳል አይፈራርስም፤ የማይሞተውን ከሚሞተው ጋር «ዕድሜው ረጅም ነው፣ አጭር ነው» ብሎ ማስተያየት አይቻልም።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ቴክኒሽየም እንደ ብረት ሁሉ ብረት አስተኔ ነው፤ ለአገልግሎት የሚውለው ግን ሰው ሠራሽ ነው። እፍግታው ከብረት ይበልጣል፤ ብረት በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ እሱ እስከ 2157 ይጸናል። የብረት አስኳል ጸንቶ ሲኖር የቴክኒሽየም ግን ይፈራርሳል።» ቦታ ከተረፈዎ ደግሞ ይህን ይጨምሩ፤ በውኃ ውስጥ ከሚሊዮን 55 እጅ ብቻ የሆነ የቴክኒሽየም ጨው የተራ አረብ ብረትን ዝገት ይከለክላል፤ ጨረር አመንጪ በመሆኑ ግን ከተዘጋ ዕቃ ውጭ አይሠራበትም። «ከብረት ይልቅ» ከሚል ንጽጽር «ብረትን ይጠብቃል» የሚለው ግሥ ለአንባቢዎ የበለጠ ይነግረዋል።