ፊሊፒናዊት ባለቤትዎ የጃፓን ዜግነት እንዲያገኙ፦ ከጃፓኑ ፎርም በፊት የፊሊፒንስ ሰነዶች

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ባለቤትዎ ፊሊፒናዊት እንደሆኑና በጃፓን በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ 7 ዓመት እንደኖሩ ገልጸው፣ የዜግነት ማመልከቻ ከየት እንደሚጀመር ጠይቀዋል። የእኔም ባለቤት ፊሊፒናዊት ናት፤ በናጎያ አካባቢ እየኖርን ዜግነቷን እስክታገኝ ሂደቱን አብሬያት ስለተከታተልኩ ያየሁትንና ያረጋገጥኩትን እጽፍልዎታለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውሳኔው የፍትሕ ሚኒስትሩ ቢሆንም፣ ማመልከቻውን የሚቀበለው በምትኖሩበት አካባቢ ያለው የሕግ ጉዳዮች ቢሮ፣ በጃፓንኛ ሆሙክዮኩ የሚባለው ነው። በቅድሚያ ለምክክር ቀጠሮ ይያዛል፤ ባለሙያው ስለ ኑሮና ስለ ቤተሰብ ጠይቆ ለባለቤትዎ ጉዳይ ብቻ የሚሆን የሰነድ ዝርዝር ይሰጣል። ስለዚህ ከሌላ ሰው ዝርዝር ተነስታችሁ ሰነድ መሰብሰብ አትጀምሩ። ለማመልከቻው የሚከፈል ክፍያ የለም፤ ወጪው ለሰነድና ለትርጉም፣ እንዲሁም ባለሙያ ከቀጠራችሁ ለእርሱ ነው።

መሠረቱ የ1950ው የዜግነት ሕግ አንቀጽ 5 ነው። በጃፓን ቢያንስ 5 ዓመት ያለማቋረጥ መኖር፣ 18 ዓመት መሙላት፣ መልካም ጠባይ፣ ቤተሰብን የሚያኖር ገቢና የቀድሞ ዜግነትን መተው ይጠይቃል። 5 ዓመት በሕጉ የተጻፈው ዝቅተኛው ወለል ነው፤ በአሠራር ከዚያ የረዘመ ኑሮ ሊጠየቅ ይችላል፤ መስፈርቱን ማሟላትም ሚኒስትሩን አያስገድድም። ባለቤታቸው ጃፓናዊ የሆነ ፊሊፒናውያን በአንቀጽ 7 መሠረት በ3 ዓመት ኑሮ፣ ወይም ትዳራቸው 3 ዓመት ከሞላው በ1 ዓመት ኑሮ ሊያመለክቱ ይችላሉ። እርስዎ ኢትዮጵያዊ ስለሆኑ ግን ባለቤትዎን የሚመለከታቸው አንቀጽ 5 ነው። «ያለማቋረጥ» የሚለው ቃል በጥብቅ ይታያል፤ ለወሊድ ወይም ወላጅ ለማስታመም ፊሊፒንስ ብዙ ወራት የቆየ ሰው፣ የመኖሪያ ካርዱ ጊዜ ባያልፍም እንኳ፣ ቆጠራው እንደገና ሊጀመርበት ይችላል።

ምርመራው ቤተሰቡን በሙሉ ያያል። የእርስዎ የነዋሪነት ግብርና የጡረታ መዋጮ፣ የሁለታችሁም የመንጃ ፈቃድ ቅጣት ይጠየቃል። በተለይ ፊሊፒንስ ያሉ ወላጆችንና ወንድሞችን ጥገኛ አድርጋችሁ ግብር ቀንሳችሁ ከሆነ፣ የባንክ መላኪያ ደረሰኞቹ በእጃችሁ መኖር አለባቸው፤ ከ2023 ጀምሮ በውጭ አገር ላለ ከ30 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ያለው ዘመድ ቅናሹ የሚፈቀደው ለትምህርት ከጃፓን የወጣ ወይም አካል ጉዳተኛ ካልሆነ በቀር በዓመት 380,000 የን ወይም ከዚያ በላይ ከተላከለት ነው። ያልተላከ ገንዘብ እንደተላከ ተቆጥሮ ከነበረ፣ ግብሩ ተስተካክሎ ሳይከፈል ማመልከት ፈጽሞ አይገባም።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስደው ግን የፊሊፒንስ ሰነድ ነው። የፊሊፒንስ ስታትስቲክስ ባለሥልጣን የሚያወጣው የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ የወላጆቻቸው ጋብቻና የእኅት ወንድሞቻቸው ልደት ጭምር ሊጠየቅ ይችላል፤ ምክንያቱም ጃፓን አዲሱን ዜጋ ኮሴኪ በሚባለው የቤተሰብ መዝገብ ውስጥ ስታሰፍር ወላጆቹን በትክክል መጻፍ አለባት። በገጠር ከተሞች ልደት ዘግይቶ የተመዘገበላቸው፣ የእናታቸው ስም በአንዱ ሰነድ አንድ ፊደል የተለየባቸው ብዙ ናቸው። በባለቤቴም ሰነድ ላይ የእናቷ የአባት ስም በሁለት መንገድ ተጽፎ በመገኘቱ፣ በትውልድ ከተማዋ መዝገብ ቤት እስኪታረም ድረስ ማመልከቻዋ ሊገባ አልቻለም። እንዲህ ያለ የጽሕፈት ስሕተት በ2001ዱ የሪፐብሊኩ አዋጅ ቁጥር 9048 መሠረት ፍርድ ቤት ሳይኬድ ይታረማል፤ የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 10172 ደግሞ የልደት ቀንና ወርን፣ እንዲሁም ጾታን ጨምሮበታል። የትውልድ ዓመት ግን በዚህ መንገድ አይስተካከልም። ባለቤትዎ ከዚህ በፊት አግብተው ከነበረም አሁኑኑ አጣሩ፦ ፊሊፒንስ ከሙስሊሞች በቀር ለዜጎቿ የፍቺ ሕግ የላትም፤ በውጭ አገር የተፈጸመ ፍቺም በፊሊፒንስ ፍርድ ቤት ካልታወቀ እዚያ ያለው መዝገብ አይለወጥም። ሰነዶቹ ሁሉ ወደ ጃፓንኛ ተተርጉመው የተርጓሚው ስምና አድራሻ ይጻፍባቸዋል።

ስለ ቋንቋ ሕጉ የሚለው ነገር ባይኖርም፣ ለማመልከት ያነሳሳቸውን ምክንያት በእጃቸው በጃፓንኛ ይጽፋሉ፤ ቃለ መጠይቁም በጃፓንኛ ነው። በእንክብካቤ ሥራ የዕለት መዝገብ ሲጽፉ የኖሩ ሰው በዚህ ብዙ የሚቸገሩ አይመስለኝም። ማመልከቻው ከገባ በኋላ የእኛ ውሳኔ እስኪመጣ ከዓመት በላይ ጠብቀናል፤ በዚያ መካከል ሥራ፣ አድራሻ ወይም የቤተሰብ ሁኔታ ከተለወጠ ወዲያው ማሳወቅ ያስፈልጋል።

አሁን አጥብቄ የምነግርዎትን ነገር ለባለቤትዎም ያስረዱልኝ። በ1936ቱ የኮመንዌልዝ አዋጅ ቁጥር 63 መሠረት ፊሊፒናዊ የሌላ አገር ዜግነት በማመልከት ሲወስድ የፊሊፒንስ ዜግነቱን ያጣል። በ2003 የወጣው አዋጅ ቁጥር 9225 በትውልድ ፊሊፒናዊ የነበረ ሰው ቃለ መሐላ ፈጽሞ እንዲመልሰው ይፈቅዳል፤ አሜሪካ ያሉ ዘመዶች «ማህላ ብቻ ነው፣ ሁለቱንም ያዢ» እያሉ የሚመክሩትም ይህንኑ ይዘው ነው። ለአሜሪካ ምክሩ ይሠራል። በጃፓን የዜግነት ሕግ አንቀጽ 11 ግን በራሱ ፈቃድ የውጭ ዜግነት የወሰደ ጃፓናዊ የጃፓን ዜግነቱን ያጣል፤ ስለዚህ ያ መሐላ የተለፋበትን ሁሉ ሊያሳጣ ይችላል። ያለ መሐላውም ቢሆን ቀድሞ ፊሊፒናዊ የነበረ ሰው ባሊክባያን በሚባለው፣ ወደ ትውልድ አገሩ ለሚመለስ ሰው በሚሰጠው መብት ያለ ቪዛ ገብቶ አንድ ዓመት መቆየት፣ ለመኖሪያም በከተማ እስከ 1,000 ካሬ ሜትር ወይም በገጠር እስከ 1 ሄክታር መሬት መግዛት ይችላል። ለእኛ ቤት ውሳኔውን ያቀለለው ይህ ነበር።

ዜግነቱ የሚጸናው በመንግሥት ጋዜጣው፣ በካምፖ፣ በወጣበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የመኖሪያ ካርዱ በ14 ቀን ውስጥ ይመለሳል፤ ኮሴኪ እንዲከፈትም በአንድ ወር ውስጥ ለከተማው አስተዳደር ማስታወቅ ያስፈልጋል። ስማቸውን ካታካና በሚባለው የውጭ ስም በሚጻፍበት የጃፓን ፊደል ማስመዝገብ ይችላሉ፤ የግድ የጃፓን ስም መያዝ የለባቸውም።

ልጆች ካሏችሁ ጃፓን ስለተወለዱ ብቻ ጃፓናውያን አይደሉም፤ ከእናታቸው ጋር ማመልከት ይችላሉ፤ ከ15 ዓመት በታች ያሉትን ወላጅ ያመለክትላቸዋል። እርስዎም ባለቤትዎ ከተሳካላቸው በኋላ የጃፓናዊት ባል ስለሚሆኑ አንቀጽ 7 ይመለከትዎታል። ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት፣ ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የኢትዮጵያ ዜግነትዎን እንደሚያጡ አውቀው፣ የእርስዎን ማመልከቻ ከእርሳቸው ለይተው በራሱ ጊዜ ቢያስቡበት ይሻላል እላለሁ።