መልስ፦ የወንዝ ዳሩን ክፍት ቦታ ምን እናድርገው?
ሰላም ወንድሜ። ጎንደር ውስጥ በቀሃ ወንዝ ዳር ያለውን ክፍት ቦታ የልጆች መጫወቻ ለማድረግ ከየት እንጀምር ብለሃል። ከችግኝ አትጀምሩ! መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ መዋቅራዊ ፕላኑ (የከተማው የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ) ላይ ቦታው ለምን እንደተመደበ እዩ። አረንጓዴ ተብሎ ካልተያዘ፣ ነገ አንዱ የይዞታ ካርታ ይዞ ከች ይላል።

ክረምት ላይ ደግሞ ውሃው እስከ የት እንደሚሞላ ምልክት አድርጉ። እዚያ ውስጥ ሣርና ዛፍ ብቻ፤ ኳስ ሜዳውና አግዳሚ ወንበሩ ከዚያ ውጪ ይሁን። ባሕር ዛፍማ በጭራሽ፣ ውሃውን መጥጦ ይጨርሰዋል። ዋንዛና ወይራ ይሻላሉ። የፋሲል መዋኛን አላየህም? ውሃው ከዚሁ ከቀሃ ነው የሚገባው፤ የዛፎቹ ሥር ግንቡን እንዴት አቅፎ እንደያዘው!

አጥሩን ግን ተዉት። እኛ ሰፈር የታጠረ መናፈሻ አለ፤ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ እስከ ዛሬ አላወቅንም።