ፍሬን የበጠስኩበት ልጅ

ኦቲዝም ላይ መሥራት የምትፈልጉ ልጆች በየጊዜው "የትኛውን ጂን እናጥና?" እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ከጂኑ በፊት አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ።

ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ መጣች። ልጁ ዓመት ሳይሞላው ትኩሳት በነካው ቁጥር ይጥለው ነበር፤ ቶሎም አይለቀውም። ሙቅ ውኃ ሲታጠብ እንኳ ይነሣበታል። ቆየት ብሎ ንግግሩ ቀረ፣ ሰው ሲያናግረው ዓይኑን ማሸሽ ጀመረ። ካርባማዜፒን የሚባል የሚጥል በሽታ መድኃኒት አዘዝኩለት። ከሳምንታት በኋላ ተመልሳ "ዶክተር፣ መድኃኒቱ እኮ ባሰበት" አለችኝ። የጣለውን ቀን ሁሉ የግድግዳ ካላንደር ላይ በእስክርቢቶ እየከበበች ይዛልኛለች። እኔ ሆዬ፣ መጠኑን ጨመርኩ!

አሁን ነገሩን ላስረዳችሁ። አንጎል ውስጥ የሚቀሰቅሱ ሴሎች አሉ፣ የሚያረጋጉም አሉ። የሚያረጋጉትን ፍሬን እንበላቸው። ኮርቴክስ፣ ማለትም የአንጎል የላይኛው ንጣፍ ውስጥ ካሉት የነርቭ ሴሎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ፍሬን ነው። የሚጠቀሙበት ኬሚካል ጋባ ይባላል። ስሙ ጋቢን ቢያስታውሳችሁ አልፈርድባችሁም፤ ሥራውም ይመሳሰላል። ጽንስ ሳለን ግን ጋቢው ይኮረኩራል እንጂ አያረጋጋም። ገና ያልበሰለ ሴል ውስጥ ክሎራይድ ስለሚበዛ ጋባ ራሱ ቀስቃሽ ይሆናል። ክሎራይዱን የሚያስወጣው ፓምፕ ሲበረታ ነው ጠባዩ የሚለወጠው።

የሚገርመው፣ አብዛኞቹ ፍሬን ሴሎች ኮርቴክስ ውስጥ አይወለዱም። ከታች፣ ከጥልቁ የአንጎል ክፍል ተወልደው ረጅም መንገድ ተጉዘው ነው የሚደርሱት። ጉዞውን ከሚመሩት ጂኖች አንዱ ኤአርኤክስ ነው። እሱ ሲበላሽ መንገድ ላይ የሚቀሩ ሴሎች አሉ። እንዲህ ያለ ልጅም የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ እድገት ችግር፣ አንዳንዴ ኦቲዝም ይገጥመዋል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ሩበንስታይንና መርዘኒክ የሚባሉ ተመራማሪዎች በአንዳንድ የኦቲዝም ዓይነቶች የመቀስቀስና የማረጋጋት ሚዛን ሳይዛባ አይቀርም የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ቆንጆ ሐሳብ ነው። ግን "አንዳንድ" የምትለዋን ቃል አትዝለሏት።

ወደ ልጁ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2001 ድራቬ ሲንድረም የሚባል በጨቅላነት የሚጀምር ከባድ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች ኤስሲኤን1ኤ የሚባል ጂናቸው ተበላሽቶ ተገኘ። ጂኑ ሴሉ ላይ የሶዲየም በር ይሠራል፤ ሴሉ የሚቀሰቀሰው በዚያ በር ነው። በሩ ከጎደለ አንጎል መቀዝቀዝ አልነበረበትም? መልሱ ከአምስት ዓመት በኋላ ከአይጦች መጣ፤ ጉድለቱ በዋናነት የሚጎዳው ፍሬን ሴሎቹን ነው። ካርባማዜፒን ደግሞ ያንኑ የሶዲየም በር ይዘጋል። ፍሬኑ የላላ መኪና ሰጡኝ፣ እኔ ጭራሽ በጠስኩት። ያ ልጅ የጂን ምርመራ አላገኘም፣ ያኔ ማን ያውቀዋል። ምልክቱ ግን አንድ በአንድ ያው ነበር።

ስለዚህ "ይህ ጂን ከኦቲዝም ጋር ተያይዟል" የሚል ስታነቡ፣ የትኛው ሴል ውስጥ? በስንት ወሩ? በሉ። አይጥ ላይ ሠራ ብላችሁም ለወላጅ ቃል አትግቡ። ቡሜታናይድ የተባለው መድኃኒት የሴል ክሎራይድ ይቀንሳል ተብሎ ለኦቲዝም ብዙ ተወራለት፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ትልቁ ሙከራ ጥቅም ስላላሳየ ቆመ።

እናትየዋን "ምን ሠርተሽ ነው?" የሚሏት ጎረቤቶችም ነበሩ። በድራቬ የጂኑ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ከእናት ከአባት የመጣ ሳይሆን ልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው። ይህን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ እኔም አላወቅኩም። ካላንደሩን ማንበብ ግን እችል ነበር። ክቦቹ መድኃኒቱ ከተጀመረበት ሳምንት ወዲህ ጥቅጥቅ ብለዋል። ዓይኔ እያየ አጥፌ መለስኩላት።