መሠረታዊ ስሜቶችና የሰው ጠባይ፦ ከድሬዳዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ስሜት መጥቶ ይሄዳል፤ ጠባይ ግን ከሰው ጋር ይኖራል። ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል?

መልስ፦ ስሜቱ የሚቀሰቀስበት ቅለት ነው። በኢስቶኒያ ተወልዶ በአሜሪካ የሠራው የአንጎል ተመራማሪ ያክ ፓንክሴፕ (እ.ኤ.አ. 1943–2017) ከአንጎል ቅርፊት ሥር፣ ሰው ከሌሎች አጥቢ እንስሳት ጋር የሚጋራቸው ሰባት የስሜት ሥርዓቶች እንዳሉ አስረድቷል፤ እነርሱም ፍለጋ፣ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ፍትወት፣ እንክብካቤ፣ የመለየት ሐዘንና ጨዋታ ናቸው። ሰባቱም በሁላችን ውስጥ አሉ። ሆኖም የአንዱ ቁጣ በትንሽ ነገር ሲነድ የሌላው ብዙ ተገፍቶ ነው የሚነሣው፤ ይህም ዓመት ከዓመት ሲደጋገም «ግልፍተኛ ነው»፣ «ታጋሽ ነው» የምንለው ጠባይ ሆኖ ይታያል።

ጥያቄ፦ ልጆቼን ሐረር ወስጄ ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅቦች ሲመገቡ አሳየኋቸው። ታላቅየው ቀሚሴን ይዞ ከኋላዬ ተሸጎጠ፤ ታናሿ ግን ሥጋ የተንጠለጠለበትን እንጨት ካልያዝሁ ብላ አስቸገረች። ያሳደግኋቸው እኮ በአንድ ቤት ነው።

መልስ፦ በዚያ ምሽት በሁለቱም ውስጥ ፍርሃትም ፍለጋም አብረው የተነሡ ይመስለኛል። ታላቅየው ቀሚስዎን እንደያዘ አንገቱን አሾልኮ አላየም? ወደ አዲስ ነገር እንድንቀርብ የሚገፋን፣ ዶፓሚን በሚባለው የአንጎል ኬሚካል የሚታገዘው የፍለጋ ሥርዓት በእርሱም ውስጥ ሲሠራ ነበር፤ ፍርሃቱ በረታበት እንጂ። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሰዎች መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት ግማሽ ገደማው ከዘር ውርስ ጋር እንደሚያያዝ፣ በአንድ ቤት ማደግ ብቻውንም ልጆችን አንድ ዓይነት እንደማያደርግ ያሳያሉ። ስለዚህ እባክዎ ልጁን «ፈሪ» ብለው አይጥሩት።

ጥያቄ፦ እነዚህ ስሜቶች የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጠባይን ከሚለኩባቸው አምስት ዘርፎች ጋር ይዛመዳሉ?

መልስ፦ በመጠይቅ ሲለካ ጨዋታ ከተግባቢነት፣ ፍለጋ ለአዲስ ሐሳብ ክፍት ከመሆን፣ እንክብካቤ ከሰው ጋር ከመስማማት ጋር ይሄዳል፤ ፍርሃት፣ ሐዘንና ቁጣ የበረቱበት ሰው ደግሞ በቀላሉ ይረበሻል፤ ይህ አራተኛው ዘርፍ ነው። አምስተኛው ዘርፍ፣ ጥንቁቅነት፣ ከየትኛውም ጋር የጎላ ዝምድና የለውም።

ጥያቄ፦ ያደግሁት ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከደረሰው ጎርፍ ወዲህ ሌሊት ዝናብ ሲጥል እንቅልፍ አይወስደኝም። ፈሪ ሆኜ ቀረሁ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በሁሉ ነገር የሚሠጋ ሰውና ከአንድ ክፉ ሌሊት በኋላ የዝናብ ድምፅ የሚያስደነግጠው ሰው የተለያዩ ናቸው። አሚግዳላ የሚባለው፣ አደጋን የሚያስታውሰው የአንጎልዎ ክፍል በቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ከጎርፉ ጋር አቆራኝቶ ይዞታል፤ ይህ የተማረው ነገር ነው። ያ ትውስታ ባይፋቅም፣ ጉዳት ሳይደርስ የሚያልፍ እያንዳንዱ ዝናባማ ሌሊት ሌላ ትምህርት ሊደርብበት ይችላል፤ በተለይ ከሚያምኑት ሰው ጋር ቁጭ ብለው ቢያሳልፉት። እንቅልፍ ማጣቱ ሥራዎን እስከ ማወክ ከደረሰ ግን ብቻዎን አይቻሉት፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ፤ ፍርሃትን ደረጃ በደረጃ የሚያለማምድ ሕክምና አለ።