የሕይወት መድንና የክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና፦ የትኛው ይቅደም?

የተከበሩ እህታችን፣ ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ከአራት ወር በኋላ የጨጓራ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ እንደተያዘልዎ፣ ሁለት ልጆች እንዳሉዎትና እስካሁን የሕይወት መድን ገብተው እንደማያውቁ ገልጸው፣ «አሁን ባለኝ ክብደት ውድ አረቦን እየከፈልኩ ልግባ ወይስ ክብደቴ እስኪቀንስ ልጠብቅ?» ብለዋል። እኔም ከስድስት ዓመት በፊት በዚሁ ጥያቄ ስብሰለሰል ቆይቼ በማይሆን ሰዓት አመልክቻለሁና፣ የደረሰብኝንም ኋላ የተሳካልኝንም ሳልደብቅ እጽፍልዎታለሁ።

አብዛኞቻችን ነገሩን ከቀዶ ጥገናው ቀን ጋር ብቻ እናያይዘዋለን። ለመድን ሰጪው ግን ወሳኙ ቀን ከዚያ ይቀድማል፤ ሐኪሙ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልግዎ በሕክምና ካርድዎ ላይ የጻፈበት ቀን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ቀዶ ጥገናው ተደርጎ ቢያንስ 6 ወር፣ በብዙ ድርጅቶች ዘንድም 1 ዓመት እስኪሞላ ድረስ ያለው ጊዜ ለማመልከት ከሁሉም የከፋ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተሰፋው ጨጓራ ወይም አንጀት ቢያፈስ፣ ደም ቢፈስ ወይም እግር ላይ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ቢሄድ፣ እነዚህ አደጋዎች በአብዛኛው የሚታዩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ክብደቱም የት ላይ እንደሚረጋ በዚያን ጊዜ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ድርጅቱ አረቦን ጨምሮ ከመቀበል ይልቅ ማመልከቻውን ማቆየት ይመርጣል።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ቀዶ ሐኪሙን አንድ ጊዜ ብቻ አማክሬ፣ ቀን እንኳ ሳይቆረጥልኝ፣ «ገና ቀዶ ጥገናው አልተደረገም» በሚል ሐሳብ አመለከትኩ። ቅጹን ስሞላ ከሦስተኛው ገጽ ግርጌ «ያልተከናወነ ነገር ግን የተመከረልዎ ወይም የታቀደልዎ ምርመራ፣ ሕክምና ወይም ቀዶ ጥገና አለ?» የሚል ጥያቄ ገጠመኝ። እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ደቂቃ ከቆየሁ በኋላ «አዎ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግሁ። ነርሷ ቁመቴንና ክብደቴን ለካች፣ የደም ግፊቴን አየች፣ ደምና ሽንት ወሰደች። ከሦስት ሳምንት በኋላ የደረሰኝ ደብዳቤ አረቦኑን አይገልጽም፣ እንቢም አይልም፤ ማመልከቻዬ ከቀዶ ጥገናው በኋላ 12 ወር እስኪሞላ እንዲቆይ መወሰኑን ብቻ ይናገራል።

በዚያ መሐል አንድ ወኪል «አልተማከርኩም ብለው በሌላ ድርጅት ያመልክቱ» ብሎኝ ነበር። ይህንን ምክር ማንም ቢሰጥዎ እባክዎ አይቀበሉት። በብዙ ውሎች ላይ ድርጅቱ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ሞት ከደረሰ የሕክምና ካርዱን አስመጥቶ የመመርመር መብት አለው፤ የተደበቀ ነገር ካገኘም ውሉን ሰርዞ የተከፈለውን አረቦን ብቻ ሊመልስ ይችላል። መድኑን የምንገባው ለልጆቻችን ነው፤ በእኛ ውሸት ባዶ እጃቸውን የሚቀሩትም እነርሱ ናቸው።

የዚያ ደብዳቤ ጣጣ በአንድ ጊዜ አላበቃም። ከዚያ በኋላ የሞላኋቸው ቅጾች ሁሉ «ከዚህ ቀደም ማመልከቻዎ ውድቅ ሆኖ ወይም እንዲቆይ ተደርጎ ያውቃል?» ብለው ይጠይቁ ስለነበር፣ በየጊዜው ደብዳቤ አያይዤ ማስረዳት ግድ ሆነብኝ። ለዚህ ነው መደበኛ ማመልከቻ ከማስገባትዎ በፊት ከብዙ ድርጅቶች ጋር በሚሠራ ደላላ በኩል፣ ስምዎ ሳይጠቀስ፣ ዕድሜዎን፣ ቁመትና ክብደትዎን፣ የቀዶ ጥገናውን ዓይነትና ቀን ብቻ ጠቅሰው የየድርጅቱን አቋም እንዲያስጠይቁ አጥብቄ የምመክርዎ። ድርጅቶች በዚህ ጉዳይ እጅግ ይለያያሉ።

አሁን ወደ «በኋላ» ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቁመቴ 1.68 ሜትር ሲሆን ከቀዶ ጥገናው በፊት 131 ኪሎ እመዝን ነበር። ክብደትን በሜትር በተለካው ቁመት ካሬ ስናካፍለው የሚገኘው ቢኤምአይ 46 ግድም ይመጣል። በ12ኛው ወር 92 ኪሎ ደርሼ፣ ቢኤምአዩም ወደ 33 ወርዶ፣ እየተደሰትኩ አመለከትኩ። ድርጅቱ ግን የመዘነኝ በ92 ኪሎ አልነበረም። ባለፉት 12 ወራት ከቀነሰው ክብደት ግማሹን መልሶ መደመር የብዙ መድን ሰጪዎች ልማድ ነው፤ እኔም ከቀነስኩት 39 ኪሎ 19.5ቱ ተመልሶልኝ በወረቀት ላይ 111.5 ኪሎ፣ በቢኤምአይ ደግሞ 39.5 ሆንኩ። በጊዜው ቅር ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ክብደት ተመልሶ የሚጨምርበት ሰው ብዙ መሆኑን ሳስብ ስሌቱ መሠረት እንዳለው ተረዳሁ። የተሰጠኝ ደረጃ ከመደበኛው በሦስት እርከን የከፋ ነበር፤ በብዙ ቦታ እያንዳንዱ እርከን በመደበኛው አረቦን ላይ 25 በመቶ ስለሚጨምር እኔ 75 በመቶ አስበልጬ እከፍል ነበር ማለት ነው።

ቢሆንም ገባሁ፤ በመግባቴም አልተጸጸትኩም። ከገባሁ ከአንድ ዓመት በኋላ ክብደቴ እዚያው 92 አካባቢ እንደረጋ የሚያሳይ ማስረጃ ይዤ ደረጃዬ እንደገና እንዲታይ በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ ሁለት እርከን ተነሣልኝ። በዚህ ጊዜ የረዳኝ ኪሎው ብቻ አይደለም። በደሜ ያለው የቫይታሚን ቢ12ና የብረት መጠን፣ የሦስት ወር አማካይ የደም ስኳሬ ያለመድኃኒት ተስተካክሎ መቆየቱ፣ በእንቅልፍ ላይ የነበረብኝ የትንፋሽ መቆራረጥ በድጋሚ ምርመራ መሻሉ፣ ሁሉም በካርዴ ላይ ከነቀኑ ተመዝግቦ ነበር። ስለ አልኮልም ይጠይቃሉ፤ በተለይ ከባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ከሚያገናኘው የቀዶ ጥገና ዓይነት) በኋላ ሰውነት አልኮልን የሚቀበልበት መንገድ ስለሚለወጥ ጥያቄው ተገቢ ነው።

እርስዎ ቀጠሮ ስለተያዘልዎ አሁን ያሉት በዚያ አስቸጋሪ መካከለኛ ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ በግልዎ ከማመልከትዎ በፊት መሥሪያ ቤትዎ ለሠራተኞቹ የቡድን የሕይወት መድን እንዳለው ይጠይቁ። የቡድን መድን ብዙ ጊዜ እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ ያለ ጤና ምርመራ ይቀበላል፤ መመዝገቢያው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት ከሆነም ቀኑ ከቀዶ ጥገናው በፊት ይውል እንደሆነ ማጣራት ያስፈልጋል። ሥራ ሲለቁ ሽፋኑ አብሮ ሊቋረጥ ስለሚችል ለዘለቄታው አይታመኑበት እንጂ ለእነዚህ ወራት ትልቅ ነገር ነው። ምንም የጤና ጥያቄ የማይጠይቁ የግል መድኖችም አሉ፤ ነገር ግን መጠናቸው አነስተኛ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ዓመታት ውስጥ በሕመም ለሚመጣ ሞትም አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሱት የተከፈለውን አረቦን ከትንሽ ጭማሪ ጋር ነው። እርስዎን የሚያሳስብዎ የቀዶ ጥገናው ሰሞን ከሆነ እነዚህ አይጠቅሙዎትም።

ይህን ለሚያነቡና ስለ ቀዶ ጥገና ገና ሐኪም ላላማከሩ ሌሎች ሰዎች መልሴ የተለየ ነው፦ አሁኑኑ፣ ባላችሁበት ክብደት፣ ውድም ቢሆን ግቡ። በእውነተኛ መልስ ጸንቶ የቆመ ውል ኋላ ቀዶ ጥገና በማድረጋችሁ አይሰረዝም፣ አረቦኑም በዚያ ምክንያት አይጨምርም። ማመልከቻው ገብቶ ውሉ እስኪጸና ባለው ጊዜ ውስጥ የሚደረግ የሐኪም ምክክር ግን መነገር አለበት። ክብደታችሁ ሲቀንስ የተሻለ ውል ብታገኙም፣ አዲሱ ጸንቶ በእጃችሁ እስኪገባ ድረስ የድሮውን አታቋርጡ።

እህቴ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የክትትል ቀጠሮዎችዎን አንዱንም አይዝለሉ፤ ቤትዎ የሚመዝኑት ኪሎ ለመድን ሰጪው ማስረጃ አይሆንም። በየቀጠሮው ክብደትዎና የደም ውጤትዎ ካርድዎ ላይ መጻፉን አይተው ቅጂውን ይውሰዱ። 12ኛው ወር ሲሞላ ደላላው መጀመሪያ የሚጠይቅዎ እነዚያን ወረቀቶች ነው።