ስለ አሮጌው ትዊን ሪቨርብ ጠይቁኝ

የአሮጌ ፌንደር ትዊን ሪቨርቤን፣ የጊታር አምፔን (አምፕሊፋየሬን) ፎቶ ካሳየኋችሁና ለሁሉም ዘፈን ይሆናል ካልኳችሁ ወዲህ ጥያቄው ጎርፍ ሆኗል። ዛሬ ደሴ ብርድ ነው፣ ቡናው እየፈላ ነው፣ መብራትም አለ። እንግዲህ ጠይቁ።

ጋሼ፣ ዕቃው ስንት ዓመቱ ነው? ለምንስ ይሄን ያህል ይወራለታል? (ከኮምቦልቻ)

ትዊን ሪቨርብ መሠራት የጀመረው በ1963 ነው፤ ዓመቱን የምጠራው በፈረንጅ ነው። የኔው ፊቱ ብርማ ነው። ብርማው ፊት የመጣው በ1968 ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው ማለት ነው። ውስጡ ትራንዚስተር ሳይሆን ቲዩብ ነው፤ የድሮ ሬዲዮ ጠጋኞች ቫልቭ የሚሉት። ጉልበቱን የሚሰጡት አራት 6ኤል6 ቲዩቦች ናቸው። ስፒከሮቹ ሁለት ባለ 12 ኢንች ናቸው። የሚወራለት ድምፁ ጥርት ስለሚል ነው። የሌላው አምፕ ድምፅ መሰባበር በሚጀምርበት ቮልዩም ላይ እሱ ገና ንጹሕ ነው።

ታዲያ ንጹሕ ብቻ ከሆነ ለሁሉም ዘፈን ይሆናል እንዴት ይባላል? (ከወልድያ)

ንጹሕ ስለሆነ ነዋ! ቀለም ያልገባበት ነጠላ ማለት ነው፤ የፈለግከውን ጥለት ታስገባበታለህ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ እኛ አገር አምፑን የሚያስተካክለው የዘፈኑ ዓይነት ሳይሆን ቅኝቱ ነው።

ትዝታን ውሰድ። በሜጀሩ ትዝታ ውስጥ ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በጣም የተጠጋጉ ሁለት ድምፆች፣ የለም። ስለዚህ ሪቨርቡን፣ የማስተጋቢያውን ቁልፍ፣ እስከ 4 ብታደርሰው እንኳ የሚያስተጋባው ድምፅ ከሚቀጥለው ጋር አይጣላም። ያምራል እንጂ። አምባሰል ግን ሌላ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ ድምፅ አለው፤ አንቺሆዬም እንዲሁ። ያለፈው ድምፅ ሳይጠፋ ጎረቤቱን ስትመታው ይፋጫሉ። እኔ ለአምባሰል ሪቨርቡን ወደ 2 እመልሰዋለሁ፣ ትሬብሉንም (ቀጭኑን ድምፅ) ትንሽ እቀንሳለሁ። ዲስቶርሽን (ድምፁን ሆን ብሎ ማሻከር) ከጨመርክበት ደግሞ ሁለቱ ተጎራባች ድምፆች ተጋጭተው ያልመታሃቸው ሌሎች ድምፆች ይወልዳሉ። ጆሮ ይቆጣል። ዲስቶርሽን ካማረህ አንድ አንድ ክር ብቻ ምታ።

ይሄን ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ስንቱን አምባሰል በሪቨርብ አጥቤ አበላሽቻለሁ!

ቫይብራቶ የሚለው ቁልፍ ድምፁን ቀጭን ወፍራም አያደርግልኝም። ተበላሽቶ ይሆን? (ከሐይቅ)

አብሽር፣ አልተበላሸም። ስሙ ነው የሚያሳስት። የሚያወዛውዘው የድምፁን ጉልበት እንጂ ቅጥነትና ውፍረቱን አይደለም። ትክክለኛ ስሙ ትሬሞሎ ነው። በዝግታ ስታደርገው ለባቲ ቅኝት እንዴት እንደሚሄድ!

ዘመድ ከአሜሪካ ሊያመጣልኝ ነው። እንዳለ ልሰካው? (ከደሴ፣ ሆጤ)

እንዳትሰካው! የአሜሪካው በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፣ እኛ ጋ 220 ነው። እኔን አንድ ጠጋኝ «ምንም አይሆን፣ ሰካው» ብሎኝ ሰካሁት። ጧ አለ፣ ቤቱ ጨለመ። ፊውዙ ባይቀድም ኖሮ ትራንስፎርመሩ ነበር የሚሄደው። ለመጠገኛ ያወጣሁትን አልነግርህም፣ ባለቤቴም ታነባለች።

220ውን ወደ 110 ወይም 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዛ። ከ500 ዋት አይነስ። መብራቱ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ስታቢላይዘር ከፊቱ ይቅደም። ከኋላ ያለውን ክዳን ፈትተህ እጅህን እንዳታስገባ ደግሞ! ካፓሲተሮቹ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በመቶ የሚቆጠር ቮልት ይዘው ይቆያሉ። ይገድላል።

ማሲንቆዬን ባስገባበትስ? (ከባቲ)

ይገባል፣ ሞክሬዋለሁ። የጊታር ስፒከር በጣም ቀጭኑን ድምፅ አያወጣም። ስለዚህ የደጋኑ ፍትጊያ ይለዝብና ወፍራሙ እንጉርጉሮ ይቀራል። ቆዳው ላይ የሚለጠፈውን ፒክአፕ (ድምፅ መልቀሚያ) ግን በቀጥታ አታስገባ፤ ትንሽ ፕሪአምፕ (ድምፁን ቀድሞ የሚያጎላ) በመሃል ይኑር፣ አለዚያ ድምፁ ቆርቆሮ ይሆናል። ፊትህንም ወደ ስፒከሩ አታዙር፣ ያፏጫል። ኪቦርድ አይሆንም፣ ይታፈናል።

ለሰርግ ድንኳን የትዊኑ 85 ዋት ይበቃል? ባለ 40 ዋቱ በርካሽ ተገኝቶ ነበር። (ከመርሳ)

85 ይበዛል እንጂ! ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም፤ ጭማሪው 3 ዴሲቤል ነው፣ ጆሮ ላይ ትንሽ ነው። እኔ በድንኳን ቮልዩሙን ከ4 አሳልፌ አላውቅም። አንድ ጊዜ 6 ላይ ሳደርሰው የሙሽራው አጎት መጥተው ገመዱን ነቀሉት። 40ው ይበቃሃል።

ክብደቱንም አስብ። ትዊን ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ጭኔ ላይ ነው የምይዘው፤ ሲንገጫገጭ ቲዩቦቹ ከቦታቸው ይላላሉ። ከመሰካትህ በፊት ክዳኑን ሳትፈታ አንድ በአንድ ጫን ጫን አድርጋቸው፣ ቀዝቅዘው እያለ ታዲያ።

ጋሼ፣ ትሸጡታላችሁ? (ከኮምቦልቻ፣ በድጋሚ)

ቡናው ቀረበ፣ ልነሳ።