ህዋስ ዕጣው የሚለየው በምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «የጉበቱም የቆዳውም ህዋስ ዲኤንኤው አንድ ከሆነ፣ ስቴም ሴል (ገና ሥራው ያልተለየ ህዋስ) ምን እንደሚሆን በምን ያውቃል?» ይሉኛል። «ጂኖች ይበራሉ፣ ይጠፋሉ» እያልኩ ነው የማልፈው። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም መምህር። ስህተት ሆኖ አይደለም፤ ነገሩ እንደ አምፖል ማብሪያ ስላልሆነ ነው። የሚወስነው ልኩ ነው። ኦክት4 የሚባለውን ፕሮቲን ይመልከቱ፤ ሥራው ዲኤንኤ ላይ እየተቀመጠ ሌሎች ጂኖችን ማዘዝ ነው። ከአይጥ ፅንስ የተወሰደ ስቴም ሴል ባለበት የሚቆየው ኦክት4 በልኩ ሲገኝ ነው። ከመደበኛው ግማሽ በታች ሲወርድ ህዋሱ እንግዴ ልጅ ወደሚሠራው ወገን ይሄዳል። እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ሲጨምር ደግሞ ኢንዶደርምና ሜሶደርም ወደሚባሉት የፅንስ ንብርብሮች ያደላል።

በአጥንት መቅኒም እንዲሁ ነው። ጋታ1 የሚባለው ፕሮቲን የቀይ ደም ህዋስ ጂኖችን ያስነሳል፣ ፒዩ1 የሚባለው ደግሞ የአንዳንድ ነጭ የደም ህዋሳትን። ሁለቱ ይጣላሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ምርት እያበዛ የሌላውን ያፍናል። ስለዚህ ትንሽ ብልጫ ያገኘው እየገነነ ይሄዳል። ይህ ፍልሚያ የመጀመሪያውን ምርጫ ያደርጋል ወይስ የተመረጠውን ያጸናል የሚለው ግን ባለሙያዎችን እስካሁን ያከራክራል።

ሌላው ጉዳይ አጠማጠሙ ነው። የአንድ ህዋስ ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይሆናል። 147 ፊደል ያህል እየሆነ በስምንት ፕሮቲኖች ጥቅል ላይ ይጠመጠማል፤ ጠበቅ ያለው ክፍል አይነበብም። ለክፍልዎ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር የሆኑ ሁለት ነጭ የስፌት ክሮች ያዘጋጁ። በየ20 ሴንቲሜትሩ ቀይና ሰማያዊ እያፈራረቁ ያቅልሙ። አንዱ ቡድን ቀዮቹን፣ ሌላው ሰማያዊዎቹን ውጭ አስቀርቶ የቀረውን በክብሪት እንጨቶች ላይ ይጠምጥም፤ ከዚያ የሚታየውን ብቻ ያንብቡ። ክሩን አይቋጥሩት፣ መዝጋት ለዘላለም ይመስላቸዋል። ፈጽሞ አይቁረጡት፣ ጂኑ የተጣለ ይመስላቸዋል። (የበሰለ ቀይ የደም ህዋስ ዲኤንኤ የያዘውን ኒውክለሱን በሙሉ ይጥላል፤ ጎበዝ ተማሪ ይህን ካነሳብዎት ልክ ነው።)

የባዮሎጂ ተመራማሪው ኮንራድ ዋዲንግተን እ.ኤ.አ. በ1957 ህዋስን ከተራራ ወደ ሸለቆዎች እንደምትንከባለል ኳስ አድርጎ ሥሎት ነበር። ደሴ ላይ ሥዕሉ ከመስኮት ይታያል። ከጦሳ ተራራ ወደ ከተማው የወረደ ዝናብ የቦርከናን ወንዝ ይዞ በኮምቦልቻ በኩል ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይገባል፤ ወደ ተንታ በኩል የወረደው ደግሞ በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይደርሳል። አናቱ ላይ ልዩነቱ የአንድ እርምጃ ነው፤ ከታች ግን መገናኘት የለም።

ጥያቄ፦ የቆዳ ህዋስ ወደ ስቴም ሴል ተመለሰ ሲባል ሰማሁ። ሽቅብ የሚፈስ ውሃ አለ እንዴ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ በጉልበት ከተገፋ አለ። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሺንያ ያማናካ እ.ኤ.አ. በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ህዋስ አሳይቷል፤ በ2012 ከጆን ጉርደን ጋር ኖቤል አግኝቶበታል። የሚጨመሩት የአራት ፕሮቲኖች ጂኖች ናቸው፦ ኦክት4፣ ሶክስ2፣ ኬኤልኤፍ4 እና ሲ-ማይክ። ለሰው ህዋስ ሦስት አራት ሳምንት ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የተመለሰው ከመቶ አንድ አይሞላም ነበር። ምክንያቱ ያው አጠማጠሙ ነው፤ ጠብቆ የተዘጋው ክፍል በቶሎ አይፈታም፣ ብዙዎቹ ከመንገድ ይቀራሉ። ከውጭ የገቡት ጂኖች በጊዜው ካልተዘጉ ደግሞ ህዋሱ እንደገና ወደ ሌላ ሥራ መውረድ ይቸግረዋል። ሲ-ማይክ በራሱ ካንሰር ያስነሳል። ያልተለየ ህዋስ ሰውነት ውስጥ ከገባም ጥርስና ፀጉር ሳይቀር ሊኖረው የሚችል ቴራቶማ የሚባል ዕጢ ይሠራል።

ጥያቄ፦ «የስቴም ሴል ክኒን» ለጉልበት ሕመም ይጠቅማል ብለው ለእናቴ ሸጡላት። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሕያው ህዋስ የሚያድገው በ37 ዲግሪና በ5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው በፈሳሽ ናይትሮጅን ቅዝቃዜ ነው። መደርደሪያ ላይ የከረመ ክኒን ውስጥ ሕያው ህዋስ የለም። እውነተኛው የስቴም ሴል ሕክምና ለደም በሽታዎች የሚደረገው የመቅኒ ንቅለ ተከላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደቀው የማጭድ ህዋስ ደም ማነስ ሕክምናም አለ፤ የታማሚው የደም ስቴም ሴል ተወስዶ የፅንስ ሄሞግሎቢንን የሚያፍነውን ቢሲኤል11ኤ የሚባል ጂን በቀይ ደም ወገን የሚያዝዘው ቁራጭ ብቻ ይቆረጣል፤ ያኔ የፅንስ ሄሞግሎቢን እንደገና ይመረታል። ክኒኑን የሸጠላቸውን ሰው «ህዋሱ በስንት ዲግሪ ተቀምጦ ነበር?» ብለው ይጠይቁት።